መርከብ አደጋ ሲገጥማት ካፒቴኑ ለተሳፋሪዎቹ ምን ማድረግ አለበት? ዝርዝር መመሪያ

ስለ መርከብ ካፒቴን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። እንዲያውም ካፒቴን ከመርከቡ ጋር አብሮ መስጠም አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። እንዲህ የሚል ዓለም አቀፍ ሕግ የለም።

እስቲ አንድ ፍርድ እንይ። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው ግዙፍ የሽርሽር መርከብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ጣልያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መታች። 4,229 ሰው ተሳፍሮባት ነበር። 32ቱ ሞቱ። ካፒቴኗ ፍራንቼስኮ ስኬቲኖ መርከቧ ላይ ገና ሰው ቀርቶ እያለ ራሱ ጀልባ ላይ ተገኘ። ዓለም የረገመውም የሳቀበትም በዚህ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን 16 ዓመት ሲፈርድበት እንዲህ ነበር ያከፋፈለው። 10 ዓመት ለጠፋው የሰው ሕይወት። 5 ዓመት መርከቧን ለአደጋ በመዳረጉ። ተሳፋሪዎቹን ጥሎ በመውጣቱ 1 ዓመት።

ከአሥራ ስድስቱ አንድ። ትልቁ ጥፋት የተሠራው ጀልባው ላይ ከመገኘቱ በፊት ነበር ማለት ነው። እኔም እዚያኛው ክፍል ላይ ነው ረዘም አድርጌ የምቆየው። ለዚህ ጽሑፍ ያህል የካፒቴኑን ኮፍያ እርስዎ ያድርጉት።

ደረጃ 1፦ ገመዱ ሳይፈታ

የካፒቴን የአደጋ ሥራ የሚጀምረው ምንም አደጋ በሌለበት ሰዓት ነው። መርከቧ ገና ወደቡ ላይ እንደታሰረች።

መጀመሪያ ቁጥሩን ይያዙ። ሶላስ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው በባሕር ላይ ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ መርከብ ከመነሳቷ በፊት ሰው ሁሉ እንዲቆጠር ያዛል። ስም ይመዘገባል፤ ጾታም። ዐዋቂ ነው፣ ልጅ ነው፣ ጨቅላ ነው የሚለውም ይለያል። ልዩ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ያሳወቀ ተሳፋሪ ካለ ጉዳዩ ለካፒቴኑ ይደርሰዋል። መራመድ የሚቸግራቸው እናት የትኛው ክፍል እንዳሉ ማወቅ ያለብዎት ዛሬ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አይደለም። «ወደ አራት መቶ ይሆናሉ» ብሎ የሚመልስልዎትን ሰው መልሰው ይላኩት። 413 ብሎ ይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከጅቡቲ ኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን በሚሻገሩት ጀልባዎች ላይ ልጆቻችን የሚሳፈሩት ማንም ሳይመዘግባቸው ነው። ጀልባ ሲገለበጥ ስንት ሰው እንደጠፋ የሚነገረው የተረፉት ገምተው ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ደግሞ ደላሎች ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የመጡ ወጣቶችን የመን ሻብዋ አጠገብ በግድ ወደ ባሕር አስገብተዋቸዋል። የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ሲባል ተራ ወረቀት የሚመስለን ካለን፣ እሱ የሌለበት ባሕር ይኼን ይመስላል።

ቀጥሎ ልምምዱ። ድሮ ተሳፋሪዎች የመሰብሰቢያ ልምምድ እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ቢያደርጉ ይበቃ ነበር። ኮንኮርዲያ ላይ በዚያው ምሽት ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት መቶዎች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ ለማግስቱ ተቀጥሮላቸው። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከአንድ ቀን በላይ በሚቆይ ጉዞ ላይ ልምምዱ የሚደረገው መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሳች ነው። እኔ በአንድ ወቅት የተሳፈርኩበት ፌሪ (ሰውና መኪና የሚያሻግር መርከብ) ላይ ግን የደኅንነት መመሪያው በቴሌቪዥን ሲታይ ሰዉ ቡና ሰልፍ ላይ ነበር። ከመርከበኞቹም «ኧረ ስሙ» ያለ አልነበረም። እርስዎ እንዲህ አይፍቀዱ። ተሳፋሪዎቹ የነፍስ አድን ጃኬቱን አንስተው በእጃቸው ያስሩት። መሰብሰቢያ ቦታቸው ድረስ በእግራቸው ይሂዱ። እግር አንዴ የሄደበትን መንገድ ያስታውሳል።

መርከበኞቹም ቢሆኑ እንዲሁ። በተሳፋሪ መርከብ ላይ መርከብ የመልቀቅና የእሳት ልምምድ በየሳምንቱ ነው የሚደረገው። ምግብ አቅራቢው፣ አንሶላ ቀያሪዋ፣ ሙዚቀኛው ሁሉ በአደጋ ጊዜ የት እንደሚቆምና ምን እንደሚሠራ በስም ዝርዝር የተለጠፈ ድርሻ አለው። የልጆች ጃኬት መኖሩንም ይጠይቁ። ቢያንስ ከተሳፋሪው ቁጥር 10 በመቶ የሚሆን ለልጅ ልክ የተሠራ ጃኬት መኖር አለበት፤ ልጆቹ ከዚያ ከበለጡ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ በሮቹ ነው። ሄራልድ ኦቭ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባለው ፌሪ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1987 ከቤልጅግ ዜብሩጅ ወደብ ስትወጣ የፊት በሯ፣ መኪና የሚገባበቱ፣ ክፍት ነበር። ውሃ ገባ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች፣ 193 ሰው ሞተ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሰው ተኝቶ ነበር። ካፒቴኑ ደግሞ ማንም ችግር አለ ስላላለው ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ ወሰደ። እንግዲህ የእርስዎ ደንብ ይኼ ይሁን፦ «ተዘግቷል» የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ በሩ ክፍት ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

አንድ ነገር ሆነ። ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ እሳት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ መርከብ ሊሆን ይችላል። ቦታዎ ብሪጅ ነው፣ መርከቧ የምትመራበት ክፍል። ጉዳቱን በዓይኔ ልይ ብለው ወደ ታች አይሮጡ። የሚያየውን ሰው ይላኩ። ብሪጅ ሲደርሱ መርከቧን ይዞ ለነበረው መኮንን «ከአሁን ጀምሮ እኔ ይዣለሁ» ይበሉት፣ ጮክ ብለው። በሁለት ሰው ትእዛዝ የምትሄድ መርከብ አዛዥ የላትም።

ወዲያው ውሃ የማያሳልፉት በሮች ይዘጉ። ከዚያ ወደ ሞተር ክፍል ይደውሉና አጭር ጥያቄ ይጠይቁ። ስንት ክፍል ውሃ ገባው? ፓምፑ ይችለዋል? መብራት አለ? መርከቧ እያዘነበለች ነው? የማዘንበሉን መጠን የሚያሳየው መሣሪያ ብሪጅ ላይ አለ። አንድ ሰው አጠገቡ ይቁምና በየሁለት ደቂቃው ቁጥሩን ይናገር፣ ሌላው ሰዓቱን እየጻፈ ይመዝግብ።

የክፍሎቹ ቁጥር ለምን አስፈለገ? የተሳፋሪ መርከብ ሆዷ በግድግዳ ተከፋፍሎ ነው የሚሠራው። ኮንኮርዲያ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ክፍሎች በውሃ ቢሞሉ መንሳፈፍ እንድትችል ተደርጋ ነበር የተሠራችው። ያን ምሽት አምስት ክፍል ውሃ ገባው። እንዲህ ያለ ሪፖርት ከደረሰዎት መርከቧ ትተርፍ ይሆን ብለው አይጠይቁ። ጥያቄው ስንት ሰዓት ቀረን የሚለው ብቻ ነው።

እሳት ከሆነ ፍጥነት ይቀንሱና መርከቧን አዙረው ጭሱ ከሰዉ እንዲርቅ ያድርጉ። እሳቱ ላይ ስለሚረጩት ውሃም ያስቡ፤ ይኼ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። ትሪ ላይ ውሃ አፍስሰው ትሪውን ትንሽ ቢያዘነብሉት ውሃው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ትሪውንም ይዞት ይሄዳል። አል ሰላም ቦካቺዮ 98 የምትባለው የግብፅ ፌሪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 የጠፋችው በዚህ ነው። እዚሁ ቀይ ባሕራችን ላይ። ከሳዑዲ ዱባ ወደብ ወደ ግብፅ ሳፋጋ ስትሄድ መኪና የሚቆምበት ወለል ላይ እሳት ተነሳ። መርከበኞቹ ውሃ ረጩበት። መውረጃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ስለነበር ውሃው እዚያው ተጠራቀመ። ወደ ዱባ መመለስ ሲቻል ጉዞው ቀጠለ። መርከቧ እያዘነበለች ሄዳ ተገለበጠች። ወደ 1,400 ሰው ነበረባት፣ ብዙዎቹ ሳዑዲ ሠርተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ግብፃውያን። ከ1,000 በላይ ሞቱ።

ስለዚህ ጉዳቱ ግልጽ ከሆነ የመርከቧን አፍንጫ ወደ ቅርቡ ወደብ ወይም ወደ ቅርቡ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይመልሱ። የታቀደው መድረሻ አሁን ምንም ትርጉም የለውም።

ደረጃ 3፦ ይጥሩ፣ ሳያፍሩ

ካፒቴኖች ሜይዴይ ለማለት ያቅማማሉ፤ በሬዲዮ «ሕይወት አደጋ ላይ ነው፣ ድረሱልን» የሚባልበት ዓለም አቀፍ ቃል ነው። ያፍራሉ እንበል። ስማቸው ይነሳል፣ የኩባንያው ስም ይነሳል፣ ነገ ምርመራ አለ። ግን ሜይዴይ ጠርተው ነገሩ ከቀለለ ጥሪውን መሰረዝ ይቻላል። ያልጠሩትን አንድ ሰዓት ግን ማንም አይመልስልዎትም።

የሬዲዮው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ፣ በክዳን የተሸፈነ። ክዳኑን ከፍተው ተጭነው ይያዙት። መሣሪያው ራሱ በቻናል 70 የመርከቧን መለያና ያለችበትን ቦታ ይልካል። ከዚያ በቻናል 16 በድምፅ ይናገሩ። ባሕር ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ነው፦

«ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ይህች እገሊት ናት፣ እገሊት፣ እገሊት። ሜይዴይ፣ እገሊት። ያለንበት ቦታ ይህን ያህል ኬክሮስ፣ ይህን ያህል ኬንትሮስ። ድንጋይ መትተን ውሃ እየገባ ነው። 413 ሰው ተሳፍሯል። ሰው ለማውጣት እርዳታ እንፈልጋለን። ኦቨር።»

አየር ላይ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቢሰማ የትኛውን ይስማ? ቦታውን። ስለዚህ ቦታውን ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ይድገሙት።

ለባለንብረቱ ኩባንያም ይደወላል፣ ግን ከዚህ በኋላ። ፈቃድ ለመጠየቅም አይደለም። ሶላስ በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት ያስፈልጋል ብሎ የወሰነውን ባለንብረቱም ሆነ መርከቧን የተከራየው ሊከለክለው አይችልም። ስልክ ላይ ያለው ሰው ቢቆጣ ቢቆጣ እሱ ያለው ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ከሁለቱም መርከቦች፣ ከኮንኮርዲያም ሆነ አሁን ከማነሳት ከኮሪያዋ ሴዎል፣ መጀመሪያ እርዳታ የጠየቀው ካፒቴኑ አልነበረም። ኮንኮርዲያ ላይ ተሳፋሪዎች ቤታቸው ደወሉ፣ ቤተሰብ ለፖሊስ ነገረ፣ ፖሊስ ለባሕር ጠባቂው። ሴዎል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2014 ከኢንቾን ወደ ጄጁ ስትሄድ ማዘንበል ስትጀምር፣ አንድ ተማሪ በእጅ ስልኩ ለአደጋ ጊዜ ቁጥሩ ደወለ። በሀበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡52 ነበር። የመርከቧ የራሷ ጥሪ የተሰማው 2፡55 ላይ ነው። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ። ያ ልጅ አልተረፈም።

ደረጃ 4፦ ለተሳፋሪው እውነቱን በራስዎ ድምፅ

ከሁሉም ደረጃ ይኼን በደንብ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ኮንኮርዲያ ድንጋዩን የመታችው በሀበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡45 ነው። ለሰዉ የተነገረው ግን የመብራት ችግር እንደሆነ ነበር። ወደየክፍላችሁ ተመለሱ የተባሉም ነበሩ። አጠቃላይ የአደጋ ማንቂያው የተደወለው 4፡33 ላይ። መርከብ ልቀቁ የተባለው 4፡54 ላይ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የተበላው። ያን ጊዜ መርከቧ ገና ብዙ ሳታዘነብል ነበር፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ደሴቷ ቅርብ።

ሴዎል ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 476 ሰው ነበረባት፣ አብዛኛው ለትምህርት ጉብኝት የወጡ ተማሪዎች። «ባላችሁበት ቆዩ» የሚለው መልእክት በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ ተነገራቸው። ልጆቹም የታዘዙትን አደረጉ። ካፒቴኑ ሊ ጁን ሶክ መጀመሪያ በደረሰው የነፍስ አድን ጀልባ ወጣ። 304 ሰው ሞተ። እሱ በኋላ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ለምን ይዋሻል? «ሕዝቡ ይሸበራል» ተብሎ። እኔ ይኼን ሰበብ አልቀበልም። እውነቱን የሰማ ሰው የሚሄድበት ቦታ ከተነገረው ይሄዳል። የሚያሸብረው ወለሉ እየተጋደለ፣ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ እየወደቀ፣ «ምንም የለም» የሚል ድምፅ መስማት ነው። ከዚያ በኋላ የሚነግሩትን ማንም አያምንዎትም።

ስለዚህ ማይኩን ራስዎ ያንሱ። አራት ነገር ይናገሩ፦ ምን እንደሆነ፣ እኛ ምን እያደረግን እንደሆነ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ መቼ ተመልሼ እናገራለሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ካፒቴኑ ነኝ። መርከባችን ድንጋይ መትታለች፣ ውሃ እየገባ ነው። እርዳታ ጠርተናል። ሁላችሁም የነፍስ አድን ጃኬታችሁን፣ ሙቅ ልብስና መድኃኒታችሁን ብቻ ይዛችሁ ወደ መሰብሰቢያ ቦታችሁ ሂዱ። ሻንጣ ተዉ። ሊፍት አትጠቀሙ። ልጆቻችሁ መጫወቻ ክፍል ካሉ መርከበኞቹ ወደ እናንተ ያመጧቸዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ።»

አምስት ደቂቃ ካሉ አምስት ደቂቃ ነው። አዲስ ነገር ባይኖርም «አዲስ ነገር የለም፣ እዚህ ነኝ» ይበሉ። ተሳፋሪዎቹ በሚሰሙት ቋንቋ ሁሉ ይደገም። ከመርከበኞቹ ማን አረብኛ፣ ማን ፈረንሳይኛ፣ ማን አማርኛ እንደሚችል አስቀድመው ጽፈው ይያዙ።

ደረጃ 5፦ መሰብሰብ መልቀቅ አይደለም

ብዙ ካፒቴን ማንቂያውን የሚያዘገየው ይኼ ስለሚምታታበት ይመስለኛል። ሰው መሰብሰብ ማለት መርከቧን ትተናል ማለት አይደለም። ሰዉ ጃኬቱን ለብሶ ጀልባው አጠገብ ቆሞ፣ ምንም ሳይሆን ቢመለስና እራቱን ቢጨርስ ማን ተጎዳ? ትንሽ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ምልክቱ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ አጭር ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ይደወል። ደረጃ ላይና መታጠፊያ ላይ መርከበኛ ይቁም፣ መንገዱን በእጁ እያሳየ። ሌሎች ክፍል ለክፍል ይግቡ፣ መጸዳጃ ቤቱንም ይክፈቱ፣ ያዩትን በር ምልክት ያድርጉበት፣ ሁለተኛ ሰው እንዳይደክምበት። ቅድም ስማቸውን የያዝንላቸው እናት ጋ ሁለት ሰው ይሂድ። የማይሰማ ተሳፋሪ ደወል አይቀሰቅሰውም፤ በሩን ከፍቶ የሚነካው ሰው ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር በጭንቅላትዎ ይያዙ። 20። የነፍስ አድን ጀልባዎች መርከቧ እስከ 20 ዲግሪ ብታዘነብል መውረድ እንዲችሉ ነው የሚሠሩት። ከዚያ ካለፈ ከፍ ያለው ጎን ላይ ያሉት ጀልባዎች ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ዝቅ ያለው ጎን ላይ ያሉት ከመርከቧ ይርቃሉ። ኮንኮርዲያ ላይ ይኼው ደርሷል። ከማንም በላይ ደግሞ ውስጥ ያለው ሰው ነው የሚጎዳው። ወለሉ ግድግዳ ሲሆን ኮሪደሩ ጉድጓድ ይሆናል። ኢስቶኒያ የተባለችው ፌሪ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1994 ባልቲክ ባሕር ላይ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስትሰጥም 852 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ከውስጥ መውጣት ሳይችሉ ቀርተው። ስለዚህ ያ ዲግሪ የሚያነበው መርከበኛ «አሥር» ሲል ሰዉ ውጭ መሆን አለበት።

በየመሰብሰቢያው ይቆጠር። ቁጥሩ ወደ ብሪጅ ይምጣ። 413።

ደረጃ 6፦ ከባዱ ውሳኔ

መርከብ ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ ከካፒቴኑ አፍ ነው የሚወጣው። ወደ ቸኮለ ውሳኔ አይግፉኝ እንዳይሉኝ ሌላውን ጎን ላሳይ። ባሕረኞች ከጀልባ ሁሉ ምርጧ መርከቧ ራሷ ናት ይላሉ። ትክክል ናቸው። በማዕበል፣ በጨለማ፣ በብርድ ሽማግሌና ሕፃን ጀልባ ላይ ጭኖ ማውረድ ራሱ ሰው ይገድላል።

ቫይኪንግ ስካይ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2019 ኖርዌይ ዳርቻ ላይ በከባድ ማዕበል መሃል ሞተሯ ጠፋ። 1,373 ሰው ይዛ ወደ ድንጋዩ መገፋት ጀመረች። ሜይዴይ ተጠራ። መልሕቅ ተጣለ። ሰዉ ጃኬት ለብሶ ተሰበሰበ። በዚያ ማዕበል ጀልባ ማውረድ አደጋ ስለነበር በሄሊኮፕተር አንድ በአንድ ማንሳት ተጀመረ፤ 479 ሰው እንዲህ ወጣ። እስከዚያው ሞተሮቹ ተነሱና መርከቧ በማግስቱ በራሷ ጉልበት ሞልዴ ወደብ ገባች። ማንም አልሞተም። ልብ ይበሉ፣ መርከቧ ላይ መቆየት የተቻለው ሌላው ነገር ሁሉ በጊዜው ስለተደረገ ነው።

ታዲያ መቼ ይልቀቁ? እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። የሚገባው ውሃ ከሚወጣው ሲበልጥና ማዘንበሉ ሲጨምር። እሳቱ ወደ መሰብሰቢያው ወይም ወደ ጀልባዎቹ ሲጠጋ። መርከቧ ራሷ ወደ ድንጋይ ስትሄድና ማቆሚያ ሲጠፋ። ከነዚህ አንዱ ካለ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ደንቡ እንደሚለው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጃኬት ከለበሰ በኋላ፣ ልቀቁ ከተባለ ጀምሮ ጀልባዎቹ ሙሉ ሰው ጭነው በ30 ደቂቃ ውስጥ መውረድ መቻል አለባቸው። ይኼ በደህና ቀን ነው። መርከቧ 40 ደቂቃ የቀራት ከመሰለዎት ትእዛዙን አሁን ይስጡ።

ደረጃ 7፦ ጀልባው ይሙላ

ታይታኒክ ላይ መጀመሪያ የወረደው ጀልባ 65 ሰው ይይዝ ነበር። 28 ያህል ሰው ብቻ ነበረበት። ሰዉ ከደማቁ መርከብ ወደ ጨለማ መውረድ አልፈለገም፤ የመርከቧን መስጠም የነገረውም አልነበረም። ደረጃ 4ን ከዘለሉ እዚህ ነው የሚከፍሉት።

በየጀልባው አንድ ኃላፊ ይመደብ፣ መንጠቆ መፍታትና ሞተር ማስነሳት የሚያውቅ። ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ይሰር፤ ቆሞ የሚወርድ አይኑር። ከወረዱ በኋላ ጀልባው ከመርከቧ ይራቅ፣ ግን ከሌሎቹ ጀልባዎች አይበተን። ተሰብስቦ የተገኘ ጀልባ ከአየር ላይ ቶሎ ይታያል።

«ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የሚለውስ? ይኼ ሕግ ሆኖ አያውቅም። ዝናው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1852 ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ከሰጠመችው ከበርከንሄድ መርከብ ነው። የዛሬ መርከብ ለሁሉም ቦታ አላት፤ ስለዚህ ጥያቄው ማን ይቅር ሳይሆን ማን እርዳታ ይሻል የሚለው ነው። ቤተሰብን አይለያዩ። አባቱን ፍለጋ ከጀልባ ወርዶ የሚመለስ ልጅ መስመሩን ሁሉ ያቆመዋል። ከዚህ በላይ ስለዚህ ጉዳይ የምለው የለኝም።

ደረጃ 8፦ የእርስዎ ተራ

አሁን ወደዚያች አንድ ዓመት መጣን። እንደ ጣልያን ባሉ አገሮች ካፒቴን ተሳፋሪ እያለ መርከብ ጥሎ መውጣቱ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ምክንያቱ ጀግንነት አይመስለኝም፤ ሥራ ነው። የመርከቧን ውስጥ የሚያውቀው፣ ቁጥሩን የያዘው፣ ትእዛዙ የሚሰማው ሰው ሲጠፋ የቀረው ሁሉ ይበተናል።

ኦሽያኖስ የምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ስትሰጥም ካፒቴኗ ተሳፋሪ ሳይወጣ በሄሊኮፕተር ሄደ። ብሪጁ ሰው ሲያጣ ሬዲዮውን ያነሳው ማን ነበር? ጊታር ተጫዋቹ ሞስ ሂልስ። እሱና የመዝናኛ ባልደረቦቹ ሰዉን እያሰለፉ ወደ ሄሊኮፕተሩ አስወጡ። 571ዱም ተረፉ። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ካፒቴን ሆነው ሲያነቡት አያስደስትም።

ብሪጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወይም ጭስ ሞልቶት ቢለቁ ሥራዎን ይዘው ይልቀቁ። ሌላ ጀልባም ሆነ የደረሰላችሁ መርከብ ላይ ሆነው፣ ሬዲዮ በእጅዎ ይዘው ያዛሉ። የመርከቧን ድምፅና ጉዞ የሚቀዳው ሳጥን እንዳይጠፋ ይደረግ። የጉዞ መዝገቡና የተሳፋሪው ዝርዝር አብሮዎት ይውጣ።

ለጣና ጀልባ ነጂዎችም አንድ ቃል። ወደ ገዳማቱ አሥር ሰው ይዞ የሚሻገር ሰው ሬዲዮውም ሄሊኮፕተሩም የለውም። ግን ሳይነሳ መቁጠር፣ ጃኬቱን መቀመጫ ሥር ሳይሆን ሰው ላይ ማድረግ፣ ነፋስ ሲነሳ «እየተመለስን ነው» ብሎ መናገር ይችላል። ለዚህ የሚከለክለው ነገር የለም።

ሰዉ ደረቅ መሬት ሲደርስ እንደገና ይቆጠራል። ይኼ ቆጠራ ከሁሉም ያደክማል። አንዳንዱ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ሄዷል፣ አንዳንዱ ሌላ መርከብ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ብርድ ልብስ ለብሶ ለማንም ሳይናገር ዘመድ ይዞት ወጥቷል። በስም ይጥሩ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉ። 412 ላይ ቢቆም «አንዱ የሆነ ቦታ ይኖራል» አይበሉ። ለፍለጋ ማስተባበሪያው ይደውሉና የጎደለውን ሰው ስም፣ የነበረበትን ክፍል ቁጥርና መጨረሻ የታየበትን ቦታ ይንገሯቸው። ሄሊኮፕተሩ ገና ነዳጅ አለው።